«ከብት አይበላውም» እያልን የተከልነው አጥር

ዛሬ የማነሳው ነገር አንዳንዶቻችሁን ቅር ሊያሰኝ ይችላል፤ ምክንያቱም ስለ ግቢያችሁ አጥር ነው።

ተክሉን አብዛኞቻችሁ ታውቁታላችሁ። የወፍ ቆሎ ይባላል፤ የእረኛ ቆሎ የሚሉትም አሉ። ቅጠሉ ሲነኩት ሸካራ ነው፤ ሲያሹት ይሸታል። ግንዱ አራት ማዕዘን ሆኖ ትንንሽ እሾህ አለው። አበባው አንድ ላይ የታቀፈ ሆኖ መሐሉ ቢጫ፣ ዙሪያው ሮዝ ወይም ቀይ ወይም ብርቱካናማ ነው። ፍሬው ጥሬ ሳለ አረንጓዴ፣ ሲበስል ጥቁር ይሆናል፤ ወፍም እረኛም የሚለቅሙት ይሄንን ነው። የሳይንስ ስሙ ላንታና ካማራ ነው። የአገራችን ተክል አይደለም፤ መነሻው ከወደ መካከለኛውና ደቡብ አሜሪካ ነው። ለጌጥና ለአጥር ተብሎ ገባ፤ ከዚያ በኋላ ማንም አልተከለውም ማለት ይቻላል፤ ወፎች ናቸው እየበሉ በየጢሻው፣ በየወንዙ ዳር፣ በየግጦሹ የዘሩት። ሐረርና ድሬዳዋ አካባቢ ሰፊ የግጦሽ መሬት ይዟል። ወደ እኛም እየመጣ ነው፤ መጥቷልም።

ለምን ተከላችሁት ብዬ ስጠይቅ የማገኘው መልስ ሁሌም አንድ ነው፦ «ከብት አይበላውም።» እውነት ነው፣ ለአጥር ከዚህ የተሻለ ባሕርይ የለም። ከብት የማይበላው አጥር አይፈርስም። ደግሞም ቶሎ ያድጋል፣ ንብም ትቀስመዋለች፣ ሲደርቅም ማገዶ ይሆናል። ይሄን ሁሉ አልክድም። ግን «ከብት አይበላውም» የሚለው አባባል ግማሹ ብቻ ነው እውነቱ። ሙሉው እንዲህ ነው፦ የሚያውቀው ከብት፣ ሌላ የሚበላው እስካለው ድረስ፣ አይበላውም። የማያውቀው ከብት ወይም የራበው ከብት ግን ይበላዋል። ሲበላው ደግሞ ጉበቱን ነው የሚመታው።

የማያውቀው ከብት የትኛው ነው? ከገበያ የመጣው ነው። እዚሁ የተወለደ ጥጃ ከእናቱ ኋላ እየሄደ የትኛው ቅጠል እንደሚበላ፣ የትኛው እንደሚታለፍ ይማራል። ተክሉ ከሌለበት አገር የተገዛ በሬ ግን ይሄንን ትምህርት አላገኘም። በዚያ ላይ ቀኑን ሙሉ ሲነዳ ውሎ፣ ተርቦና ተጠምቶ ማታ ይደርሳል። እኛ ደግሞ የት ነው የምናስረው? አጥሩ ሥር!

የራበው ከብትስ? ከየካቲት እስከ ሰኔ መግቢያ ያለውን ጊዜ አስቡት። ሣሩ ከሥሩ ተግጦ መሬቱ ቀይ ሆኗል፤ ጭዱ አልቋል። በዚያን ሰዓት በመስኩ ላይ አረንጓዴ ሆኖ የሚታየው ምንድን ነው? እሱ ነው። የሚያውቀውም ከብት ቢሆን ሆዱ ባዶ ሲሆን እውቀቱን ይረሳል።

ሦስተኛም መንገድ አለ፤ ይሄኛው የእኛው የእጅ ሥራ ነው። አጥር ስንከረክም ቅርንጫፉን እዚያው እንጥለዋለን። ልጆች ሣር ሲያጭዱ ከሣሩ ጋር ቀላቅለው ያመጡታል። ጠውልጎ ወይም ደርቆ መርዙ የሚጠፋ የሚመስላችሁ ካላችሁ አይጠፋም። የደረቀው ቅጠልም ይመርዛል፤ ሽታው ስለሚቀንስ ደግሞ ከብቱ ላይለየው ይችላል።

በእኛ ቀበሌ አንድ አባወራ ባለፈው ዓመት ሚያዝያ ላይ አንድ በሬ ገዙ። ከቆላ በኩል ካለ ገበያ ነው። የገዙበት ገንዘብ ሁለት በግ፣ የጤፍ ሽያጭና ከቁጠባ ማኅበር የወሰዱት ብድር ተደምሮ ነው። በሬው ማታ ደረሰ፤ አጥሩ ሥር ታሰረ። በነጋታው ምግብ እምቢ አለ። ጎረቤት መጥቶ «ዓይን ነው፣ ገበያ ላይ ቡዳ አይቶታል» አለ። ጢስ ተጨሰ። በሦስተኛው ቀን በሬው ፀሐይ መሸሽ ጀመረ፤ አፍንጫው ቀላ፣ ጆሮው አበጠ። «ምች ነው» ተባለ፤ ዳማከሴ ተጨመቀለት። በአምስተኛው ቀን ዓይኑ ቢጫ ሆነ። አንዱ «ጉበቱ ነው» አለ። ይሄ እንኳ እውነት ነበር። ግን «ጉበት» ሲባል ለሁላችን የሚመጣልን የጉበት ትል ብቻ ስለሆነ፣ ከገበያ የትል ኪኒን ተገዝቶ ተጋተ። በዘጠነኛው ቀን ሞተ። አጥሩ ላይ፣ ገመዱ እስከደረሰበት ድረስ፣ ቅጠሉ ተልጦ ነበር። ዘጠኝ ቀን ሙሉ እዚያ ግቢ የገባ የወጣው ሁሉ ያንን አጥር አልፎ ነው የገባው።

እኒህ አባወራ ዘንድሮ ያረሱት በመቀናጆ ነው። የቀራቸውን አንድ በሬ ከጎረቤት በሬ ጋር አጣምረው፣ ተራ እየጠበቁ። ግማሹን መሬት ደግሞ ለእኩል ሰጥተውታል። ብድሩ አልተነሳም። አንድ በሬ ሞተ ማለት እንዲህ ማለት ነው፤ ለእናንተ አልነግራችሁም።

እንግዲህ ሆዱ ውስጥ ምን እንደሚሆን ላስረዳ፤ ይሄንን ከተረዳችሁ ምልክቱን አትረሱትም።

ቅጠሉ ውስጥ ላንታዲን የሚባል መርዝ አለ። ከጨጓራ ተነስቶ በደም ወደ ጉበት ይሄዳል። የጉበት አንዱ ሥራ ሐሞት ማመንጨትና ወደ አንጀት ማፍሰስ ነው። መርዙ ይሄንን ፍሰት ያግደዋል። ሐሞቱ መውጫ ሲያጣ ወደ ደም ይመለሳል፤ ዓይንና ድድ ቢጫ የሚሆነው፣ ሽንቱም የሚጠቁረው ለዚህ ነው።

ፀሐይን የሚሸሸው ለምንድን ነው? ከብት አረንጓዴ ሣር ሲበላ፣ የሣሩ አረንጓዴ ቀለም ጨጓራ ውስጥ ይፈርስና ከሐሞት ጋር በአንጀት ይወጣል። ሐሞት ሲታገድ ይሄም ቅሪት መውጫ ያጣል፤ በደም ዞሮ ቆዳ ሥር ይከማቻል። ፀሐይ ሲያገኘው ቆዳውን ከውስጥ ያቃጥለዋል። ስለዚህ የሚጎዳው ጠጉር የሌለበት ወይም ነጭ የሆነው ቦታ ነው፦ አፍንጫ፣ ጆሮ፣ የዓይን ሽፋን፣ ጡት። ቡሬ በሬ ከሆነ ነጩ ተልጦ ጥቁሩ ደህና ሆኖ ታዩታላችሁ። ሰዎች «ፀሐይ መታው» ሲሉ እንግዲህ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳቱም፤ ፀሐይዋ መትታዋለች፤ ግን ፀሐይዋ የመታችው ጉበቱ ቀድሞ ስለተመታ ነው።

ሌላው ክፉ ነገር ጨጓራው መቆሙ ነው። የተመረዘ ከብት አያመሰኳም፤ ሆዱ ይደርቃል፤ እበቱ ጠንካራና ጥቂት ይሆናል። ጨጓራው ሲቆም የበላው ቅጠል እዚያው ተኝቶ መርዙን ቀስ እያለ ይለቃል። ከአጥሩ ብታርቁትም መመረዙ ይቀጥላል ማለት ነው። አንዳንዱ በጥቂት ቀን፣ አንዳንዱ ከሁለት ሦስት ሳምንት በኋላ የሚሞተው ለዚህ ነው። በጉም ላይ ያው ነው። ፍየል ይበላዋል ምንም አይሆንም የምትሉም አላችሁ፤ ፍየልም ይመረዛል። ቀይ አበባ ያለው ይብሳል ይባላል፣ ግን በአበባ ቀለም ተማምናችሁ ከብት አትልቀቁ።

አሁን ወደ ዋናው ቅሬታዬ ልምጣ። ከብት ሲታመም መጀመሪያ የምንጠይቀው «ምን ያዘው?» ነው። «ምን በላ?» ብለን አንጠይቅም። ይሄ የእናንተ ብቻ አይደለም፤ እኛ ባለሙያዎችም ስለ ክትባት፣ ስለ ገንዲ፣ ስለ ጉርብርብ፣ ስለ ጉበት ትል እናስተምራለን። ስለ ተክል ግን ስንት ጊዜ አውርተናል? ስለዚህ የገበያው ኪኒን ሁሉንም ነገር የሚፈታ ይመስለናል። ከብት ከሳ፣ አልቤንዳዞል። ምግብ እምቢ አለ፣ አልቤንዳዞል። ዓይኑ ቢጫ ሆነ፣ አሁንም አልቤንዳዞል። ይሄ መድኃኒት ለሚሠራበት ነገር ጥሩ ነው። ግን ሰውነት መድኃኒትን የሚያጣራው በጉበት ነው። ጉበቱ በተመታ ከብት ላይ ሳይታዘዝ መድኃኒት መጋት፣ የደከመ አህያ ላይ ተጨማሪ ኩንታል መጫን ነው።

ከጉበት ትል እንዴት እንለየው ላላችሁ፦ የጉበት ትል ረግረግና ውኃ ያቆረ መሬት ላይ የሚግጥ ከብት በሽታ ነው፤ ቀስ እያለ ያከሳል፣ የዓይኑ ውስጥ ሽፋን ይገረጣል፣ ብዙ ጊዜም መንጋጭላው ሥር ያብጣል፤ መንጋው ውስጥ በርከት ያሉትን ይይዛል። የወፍ ቆሎ ግን ድንገት ነው። ትናንት ደህና የነበረ ከብት በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ምግብ ይተዋል፣ ሆዱ ይደርቃል፣ ከዚያ ቢጫነትና ፀሐይ መሸሽ ይከተላል። ከጉርብርብም ጋር አታምታቱት፤ ጉርብርብ በመላ ሰውነቱ ላይ እንደ ፍሬ የጠነከረ እባጭ ያወጣል፣ ትኩሳትም አለው። ይሄኛው ግን ቃጠሎ ነው የሚመስለው። የመጨረሻውን ቃል የእንስሳት ሐኪሙ ይናገር፤ ለሐኪሙ ግን «ምን እንደበላ» ይዛችሁለት ሂዱ። የተላጠውን ቅርንጫፍ ቆርጣችሁ በፌስታል ይዛችሁ ሂዱ፤ ወይም በስልካችሁ ፎቶ አንሡት። ስልኩ ለዚህ ካልሆነ ለምን ይሆናል?

ተመርዟል ብላችሁ ከጠረጠራችሁ መጀመሪያ ከተክሉ አርቁት፤ ወዲያው ቤት ወይም ጥቅጥቅ ያለ ጥላ ውስጥ አስገቡት። የዛፍ ጥላ አይበቃም፤ ፀሐይዋ ዞራ ታገኘዋለች። ንጹሕ ውኃ አጠገቡ አኑሩ። የሚበላ ከሆነ ደረቅ ድርቆሽ ወይም ጭድ ስጡት። እርጥብ ሣር አዝናችሁለት አትስጡት፤ ቆዳውን የሚያቃጥለው ነገር የሚመጣው ከአረንጓዴው ነውና። የተላጠውን ቆዳ በንጹሕ ውኃ እጠቡ፣ ዝንብ እንዳያርፍበት ጠብቁ። አረቄ፣ ዘይት፣ የጨው ውኃ አፉን ይዛችሁ አትጋቱ፤ የደከመ ከብት ሳንባው ውስጥ ይገባበትና በሌላ ነገር ይሞታል።

ከዚያ በዚያው ቀን ሐኪም። ቀን አትቁጠሩ። በአውስትራሊያ ይሄ ተክል ብዙ ከብት ስለፈጀ ሕክምናው በደንብ ተሞክሯል፤ አክቲቬትድ ቻርኮል የሚባል በፋብሪካ የተዘጋጀ የከሰል ዱቄት በብዙ ውኃ ተበጥብጦ በቱቦ ጨጓራ ውስጥ ይገባል፤ መርዙን ይዞ ያስቀረዋል። ለአንድ ትልቅ ከብት ግን ሁለት ኪሎ ተኩል ዱቄት በሃያ ሊትር ውኃ ያስፈልጋል። እውነቱን እንነጋገር፤ የእኛ የእንስሳት ጤና ኬላ ውስጥ ይሄን ያህል የምታገኙ ይመስላችኋል? የማድ ቤት ከሰልም አይተካውም፤ እንዳትሞክሩት። ሐኪሙ በፈሳሽና ለቆዳው ቁስል በሚሆን መድኃኒት ሊረዳው ይችላል፤ ትንሽ የበላ ከሆነም ሊድን ይችላል። ብዙ ከበላ ግን ማርከሻ ብለን የምንተማመንበት ነገር በእጃችን የለም። ለዚህ ነው ክርክሬ ሁሉ አጥሩ ላይ የሆነው።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ደስ አይልም ግን መባል አለበት። «ሳይሞት እንረደው» የሚባል ነገር አለ። ሥጋውና ስቡ ቢጫ የሆነ ከብት ለምግብ አይሆንም፤ ለጎረቤትም በቅርጫ አይከፈልም። የታመመች ላም ወተትም ሐኪም ሳያያት ለልጆች አይሰጥ። ድንገት ሞቶ ከአፍንጫው ወይም ከኋላው ደም የሚፈሰውን ከብት ደግሞ ጨርሶ እንዳትከፍቱት፤ እሱ አባ ሰንጋ ሊሆን ይችላል።

የተክል መርዝ የከብት ነገር ብቻ መስሏችሁ የምታነቡ ከሆነ ደግሞ ትግራይ ውስጥ ታሕታይ ቆራሮ ወረዳ የሆነውን ስሙ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ2001 ጀምሮ በአንድ መንደር ሰዎች ሆዳቸው እየተነፋ ጉበታቸው እየታመመ ይሞቱ ነበር፤ ምክንያቱም ለዓመታት አልታወቀም ነበር። በኋላ ሲመረመር ኤጄራተም የሚባል አረም ተገኘ፤ ከእህሉ ጋር አብሮ ታጭዶ፣ አብሮ ተወቅቶ፣ አብሮ ተፈጭቷል። የዚያ አረም መርዝ ከወፍ ቆሎ የተለየ ነው፤ በአንድ ቀን አይታይም፣ በጥቂት በጥቂቱ ጉበትን እየዘጋ ይቆያል። ለምን አነሳሁት? አረም ምርት ይቀንሳል ብለን ብቻ ስለምናስብ ነው። አንዳንዱ አረም መሶብ ላይም ይደርሳል። የወፍ ቆሎንም ጥሬውን አረንጓዴ ፍሬ ልጆች እንዳይበሉ ንገሯቸው።

እና ምን እናድርግ? የእኔ ሐሳብ ግልጽ ነው። አዲስ አጥር በወፍ ቆሎ አትትከሉ። ያለውንም ቀስ በቀስ አንሡት። በአንድ ቀን ንቀሉት አልልም፤ ግቢ ያለ አጥር አያድርም። በአንድ በኩል ሰስባኒያ ትከሉ፤ ሲደርስ በዚያ በኩል ያለውን የወፍ ቆሎ አንሡ፤ በሚቀጥለው ዓመት ሌላውን ጎን። ሰስባኒያ ከብት ይበላዋል፤ አዎ፣ ጥቅሙም ይሄው ነው። እስኪጠነክር በእሾህ ትከልሉታላችሁ፤ ከዚያ ቅጠሉ በበጋ መኖ ይሆናል። አጥርነቱ እንደ ወፍ ቆሎ አይጠብቅም፤ ይሄንን አልደብቃችሁም። ጥብቅ አጥር ለሚፈልግ ቃጫ አለ።

ስትነቅሉ ደግሞ ግንዱን ቆርጦ መተው ዋጋ የለውም፤ ከጉቶው በእጥፍ ያቆጠቁጣል። በበጋ ቆርጣችሁ ቅርንጫፉን ከብት የማይደርስበት ቦታ ከምሩት፤ ሲደርቅ ነፋስ በሌለበት ቀን አቃጥሉት። ጉቶውን ደግሞ የመጀመሪያው ዝናብ አፈሩን ሲያርሰው ከነሥሩ በዶማ አውጡት። ክረምቱ ሲወጣ ተመልሳችሁ እዩ፤ ትንንሹ ችግኝ በእጅ ይነቀላል። ፍሬ ከመያዙ በፊት መሆኑ ትልቅ ነገር ነው፤ ያለዚያ ወፏ ትቀድማችኋለች።

ወፏ ስል ደግሞ፣ የአንድ ሰው መንቀል ብቻውን አይበቃም። የእኔ ግቢ ጸድቶ የወል ግጦሹ ዳር ከተወው ዘሩ ተመልሶ ይመጣል። በየዓመቱ ጥርና የካቲት ለተፋሰስ ሥራ እንወጣለን፤ እርከን እንሠራለን፣ ጥሩ ነው። ከዚያ ውስጥ ሁለት ቀን ብቻ ለግጦሽ መሬታችን ብንሰጥ ምን ይጎድላል? እርከን በሜትር ስለሚለካ ለሪፖርት ይመቻል፤ የተነቀለ ጉቶ ግን ሪፖርት ላይ ዓምድ የለውም። ይሄንን ለወረዳም ተናግሬያለሁ፤ ደግሜም እናገራለሁ። እናንተም በቀበሌ ስብሰባ ላይ አንሡት፤ ከእኔ ይልቅ የእናንተ ድምፅ ይሰማል። ካልሆነም ደቦ አለ፤ ደቦ የማንንም ፈቃድ አይጠይቅም።

እስከዚያው ከገበያ ከብት ለምትገዙ፦ ሲደርስ መጀመሪያ ውኃና ድርቆሽ ይጥገብ። አጥር ሥር አትሰሩት። ቢያንስ ለአንድ ሳምንት ግቢ ውስጥ አቆዩት፤ ሌላ በሽታ ይዞም መጥቶ ከሆነ በዚያው ይታያል። ሲወጣም ጠግቦ ይውጣ፣ አገሩን ከሚያውቁት ጋር። ለእረኛውም የትኛው ጢሻ ጋ እንደማይወስደው አሳዩት፤ ልጁ ፍሬውን እንጂ ቅጠሉን ላያውቅ ይችላል።

አጥራችሁ ላይ ያለው እሱ መሆኑን ካልለያችሁ ቅጠሉን፣ አበባውንና ግንዱን በቅርብ አንሥታችሁ በዚህ ገጽ ላኩልኝ። አበባው ብቻ አይበቃም፤ ግንዱም ይታይ።